እብጥ እብጥ ያለ ግን የማይከብድ የኪሮሽ ሻርፕ፦ የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም እንዴት ናችሁ እህቶቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ኪሮሽ ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ገና አዲስ አበባ ላለችው እማዬ ሻርፕ ሠርቼ በሰው ላክሁላት። ርዝመቱ 160 ሳንቲም፣ ስፋቱ 22፣ ክሩ ወፈር ያለ ጥጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈንዲሻ። ፈንዲሻ የምለው ያቺን አምስት ደብል (ረዘም ያለችዋ የኪሮሽ ስቲች፣ ስቲች ማለት በኪሮሽ የምትሠራ አንዷ ቀለበት ናት) አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሠርተሽ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ስትቆልፊያቸው እብጥ ብላ የምትወጣዋን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ነው የሠራሁት፣ ሲያልቅ በጣም ነበር ያማረው፣ ስመዝነው 290 ግራም ሆነ፣ ያኔ ቁጥሩ ምንም አልመሰለኝም።

በፋሲካ ሰሞን በቪዲዮ ስናወራ ሻርፑን ከጀርባዋ ሶፋው መደገፊያ ላይ አየሁት። በሥርዓት ተዘርግቷል፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል ተደርገው ወርደዋል፣ ልክ ዱሮ ዳንቴል እንደምታነጥፈው። እሷ ለእኔ ምንም አላለችኝም፣ መርቃኝ ነው የጨረሰችው። በኋላ አክስቴ ናት ለብቻዬ አንገቷን እየጎተተ እንደሚያማት የነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

እና ጥያቄዬ፦ እማዬ ያንን እብጥ እብጥ ያለውን ነገር ትወደዋለች፣ በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምታወራው፣ ልሙጥ ሠርቼ መላክ አልፈልግም። ክሩን ብቻ ባቀጥነው ይበቃል ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልሶቹ ስለበዙና አንዳንዱም ከርዕሱ ስለወጣ፣ አዲስ የምትገባ እህት ሁሉንም ስትፈልግ እንዳትደክም በየቁጥሩ ማን ምን እንዳለኝ እዚህ ላይ ላስቀምጠው።

መልስ 1

ሐዋሳ ያለች እህት ናት ቀድማ የደረሰችልኝ። የእማዬን ጤንነት ጠየቀች፣ ለእጄም መረቀችኝ፣ ከዚያ ያው እኔ እንደገመትኩት ቀጭን ክር ገዝቼ ያንኑ ፈንዲሻ እንድደግመው መከረችኝ። እሷ በቀጭን ክር የሕፃን ኮፍያ ሠርታ በጣም ቀሎላት ነበር።

መልስ 2

ስቶክሆልም ያለችው ግን በትሕትና አልተስማማችም። ቁጥር 1ን አክብራ፣ ኮፍያ ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ክብደቱን የሚያመጣው የክሩ ውፍረት ብቻ አለመሆኑን አስረዳችኝ። በፈንዲሻ ውስጥ አንድ እብጠት ለማውጣት አምስት ደብል ይገባል፣ ያ ሁሉ ክር አንዲት ስቲች በምትይዘው ቦታ ላይ ነው የሚታጨቀው። ክሩ ሲቀጥን ፈንዲሻውም አብሮ ያንሳል፣ ስለዚህ ያንኑ 22 በ160 ለመሙላት ብዙ ተጨማሪ ፈንዲሻ ያስፈልገኛል፣ ሻርፑም ጥቅጥቅ እንዳለ ይቀራል። 10 በ10 ሳንቲም ናሙና ሠርቼ በወጥ ቤት ሚዛን እንድመዝን አዘዘችኝ።

ያንኑ ማታ ሠራሁ። ከተረፈኝ ክር፣ በዚያው ኪሮሽ፣ በዚያው ፈንዲሻ፣ 8 ግራም መጣ። ያቺን ትንሽ ቁራጭ መዳፌ ላይ አድርጌ ሳያት ሻርፑ ለምን እንደከበደ ያኔ ነው የገባኝ፣ ፈንዲሻዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ብርሃን እንኳ አያሳልፉም።

መልስ 3

ይቺም የቁጥር 2ን ሐሳብ ደግፋ ሁለት ነገር ጨመረችልኝ፣ ሁለቱም ጠቅመውኛል። አንደኛው፣ ክር ስገዛ ቀጭን ነው ወፍራም ነው የሚለውን ትቼ የክሩ ጥቅል ላይ ያለው ወረቀት ላይ ግራሙንና ሜትሩን እንዳነብ ነው። 100 ግራሙ 200 ሜትር የሆነና 100 ግራሙ 400 ሜትር የሆነ ክር ሱቅ ውስጥ በዓይን ሲታዩ ያን ያህል ላይራራቁ ይችላሉ፣ አንገት ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ወረቀቱ 2 ተኩል ወይ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ኪሮሽ ካለ እኔ 4 እንድይዝ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ለተጠጋጋ ሥራ ነው፣ ሻርፕ ግን ልል ሲል ነው አንገት ላይ የሚወርደው። ተጠጋግቶ የተሠራ ሻርፕ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ እንደሚቆም የራሷን የመጀመሪያ ሥራ አስታውሳ ጻፈች።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነው አየሩ የተቀየረው። ይቺ እህት ሰላምታም አልጻፈችም። መርካቶ ሄዶ ሻርፕ መግዛት እያለ ሁለት ወር መሠቃየት ምን እንደሚጠቅም ጠየቀች፣ አሜሪካ ያለ ሰው ለክር የሚያወጣውን ብር ለእናቱ ቢልክ እንደሚሻልም ጨመረችበት።

መልስ 5

ወዲያው ነው የመጣው፣ ይቺ ደግሞ ጅማ ያለች ዳንቴል እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት፣ በጣም ተቆጥታ ነው የጻፈችው፣ አንድም ነጥብ የለውም ጽሑፉ፣ ሰው የእጅ ሥራን በገበያ ሻርፕ ዋጋ እየለካ እሷ ሦስት ሳምንት የሠራችበትን የአልጋ ልብስ በክሩ ዋጋ ሊወስድባት እንደሚፈልግ፣ ክሩን ብቻ ቆጥሮ ዓይኗንና ወገቧን ማንም እንደማይቆጥርላት፣ ስጦታ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ገንዘብ የሚባል ነገር መነሳት እንደሌለበት። ሌሊቱን ነው የጻፈችው። ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ቁጥር 4 ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። እኔ ግን በገንዘቡ ነገር ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ብዬ አልጻፍኩም፣ ለእናት መላክ የሚገባው መላክ አለበት። እማዬ ግን በብር የተገዛ ሻርፕ ሞልቷታል፣ እሷ የዳሰሰችው እኔ የሠራሁትን ነው።

መልስ 6

አንዲት ገና የጀመረች ልጅ በትሕትና ገባችና፣ ከዩቲዩብ አይታ የሠራችው ሻርፕ ቪዲዮው ላይ ካለው እጥፍ ያህል ረዝሞባት ወገቧ ድረስ እንደደረሰ ነገረችን። ቪዲዮ ላይ ያለችው ሴት ደብል ስትል እሷም ደብል ነው የሠራችው፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቶባታል።

መልስ 7

አዳማ ያሉ የእጅ ሥራ ያስተማሩ መምህርት መለሱላት፣ መቼም የአስተማሪ ነገር በደንብ ነው ያስረዷት። አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሏትን እንግሊዞቹ ደብል ነው የሚሏት፣ የአሜሪካ ደብል ደግሞ የእንግሊዝ ትሬብል ናት፣ ሁሉም በአንድ ደረጃ ይዛነፋሉ። ልጅቷ ያየችው የእንግሊዝ ቪዲዮ ይሆናል፣ አጭሯን ስቲች መሥራት ሲገባት ረጅሟን ሠርታለች፣ ለዚህ ነው የረዘመባት። ማረጋገጫውንም ሰጧት፦ መመሪያው ላይ ሲንግል የሚል ቃል አንድም ቦታ ካገኘች የአሜሪካ ነው፣ እንግሊዞቹ ሲንግል የምትባል ስቲች የላቸውም ማለት ይቻላል።

መልስ 8 እና 9

ቁጥር 8 መምህርቷን ገልብጠው እንዳስረዱ አድርጋ፣ ያውም አንቺ እያለች ጻፈች፣ ለእናት እንደዚያ አይጻፍም። መምህርቷ በቁጥር 9 ሳይቆጡ ግን ምራቅ በሚያስውጥ አነጋገር ጽሑፋቸውን ቀስ ብላ እንድታነበው ነገሯት። ልክ እሳቸው ናቸው፣ እኔም የአሜሪካና የእንግሊዝ መመሪያ ጎን ለጎን አድርጌ አይቼዋለሁ። ቁጥር 8 በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቃለች።

እግረ መንገዴን፣ እዚህ ውይይት ላይ ደብል ስል የአሜሪካውን ነው።

መልስ 10

ይሄ ያልጠበቅኩት ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ አባት፣ ጽሑፉን ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ኪሮሽ ይዘው እንደማያውቁ አስቀድመው ተናገሩ፣ ግን የነጠላና የጋቢን ነገር አስታወሱኝ። ሁለቱም ጥጥ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ነጠላ ግን ድሩና ማጉ ሳስቶ ስለሚሸመን ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ ወዲያ ማዶ ይታይሻል፣ ትከሻ ላይ መኖሩም አይታወቅም። ጥለቱስ? ጥለቱ ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያሸበረቀ ነው፣ ግን ነጠላው በሙሉ ጥለት አይደለም፣ ጥለቱ ዳር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የቀረው ሳስቶ ነው ጥለቱን የሚሸከመው። እኔ ግን ሻርፑን በሙሉ ጥለት እንዳደረግኩት ነገሩኝ።

ይሄን ሳነብ ኪሮሹን አስቀመጥኩ። ስንት ነጠላ ለብሼ ነው የኖርኩት! ማቅጠን ሳይሆን ማሳሳት ነበር ጉዳዩ፣ እብጠቱ የሚያምረው ዙሪያው ባዶ ሲሆን ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ልጅዎም ስላነበበልዎና ስለጻፈልን ይባረክልን።

መልስ 11 እና 12

ቁጥር 11 ወንዶች በሴቶች ሥራ ምን እንዳገባቸው ጠየቀች። ቁጥር 12 ነጠላሽን የሸመነው ማን እንደሆነ መልሳ ጠየቀቻት። ከዚያ ሌሎች አሥር ያህል ሰዎች ቁጥር 12ን ደግፈው ጻፉ፣ እነሱን አልዘረዝርም።

መልስ 13

እዚህ ጋ ከርዕሱ ወጣን፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ደሴ ያደገች እህት ቤታቸው የነበረውን ዳንቴል አስታወሰች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ የሶፋው ክንድ ላይ፣ የብርጭቆ መደርደሪያው ላይ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፉ በስክሪኑ ፊት ይወርድ ነበር፣ ዜና ሲጀመር አባቷ ተነስተው ወደ ላይ ያጥፉት ነበር፣ ሲያልቅ እናቷ መልሰው ያወርዱታል። አሁን ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሆኖ ዳንቴል የሚያርፍበት ቦታ የለውም፣ የእናቷ ዳንቴሎች ታጥበው ተጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ናቸው። እንድትጥላቸው የመከራት ሰው አለ፣ እሷ ግን አንዱንም አልጣለችም።

መልስ 14

አንዲት ሌላ እህት እናቷ ዳንቴሉን በስኳር ውሃ ነክረው አበባው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርጉ እንደነበር ጻፈች። ሌላዋ ጉንዳን አያመጣም ወይ ብላት ትንሽ ተከራከሩ። ከዚያው ጋር አንዷ ዳንቴልም ኪሮሽም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን፣ የመጀመሪያው ለስስ ጌጥ ሥራ ሁለተኛው ለመቆልመሚያዋ መርፌ ማለት መሆኑን አመጣች። ለሻርፕ ግን ስኳር ውሃ እንዳትሞክሩ፣ አንገት ነው።

መልስ 15

ለእኔ የዚህ ውይይት ትልቁ መልስ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው። ደብሊን ያለች ነርስ ናት። አየርላንድ ውስጥ የድንቹ ረሃብ በ1845 ከገባ በኋላ ብዙ ቤተሰብ የሚበላው ሲያጣ ሴቶች ኪሮሽ እየተማሩ ዳንቴል ሠርተው በመሸጥ ነፍሳቸውን ያቆዩ እንደነበር ጻፈችልን። ክሎንስ በምትባል ከተማ የቄስ ሚስት የሆነች ካሳንድራ ሃንድ የምትባል ሴት በ1847 ለተራቡት ሥራ እንዲሆን ይሄን ሙያ አስጀመረች፣ የከተማዋ ስም እስከ ዛሬ በአንዲት ትንሽ ቋጠሮ ላይ ቀርቷል፣ የክሎንስ ቋጠሮ ትባላለች። ከድህነት የወጣ ሥራ ስለሆነ ይሁን አላውቅም ይላል ልቤ፣ ቋጠሮዋ ክር አትፈጅም፣ ግን ጣት ላይ በደንብ ትዳሰሳለች።

አሠራሯን ደረጃ በደረጃ ነው ያስረዳችኝ። ጥቂት ሰንሰለት፣ ማለት አንዷ ቀለበት በሌላዋ ውስጥ እየተሳበች የምትቀጥለዋን ተራ ስቲች፣ ትሠሪያለሽ። ከዚያ ክሩን ኪሮሹ ላይ ትጠመጥሚና ኪሮሹን በሰንሰለቱ ሥር ታሳልፊያለሽ፣ ክሩን ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ እንደገና በላይ፣ እንደገና በሥር፣ እንዲህ እያልሽ እስከ አሥር ጊዜ። ኪሮሹ ላይ ጥምጥሞቹ እንደ ጥራጥሬ ተደርድረው ይታያሉ። ክሩን በሁሉም ውስጥ በአንዴ ስበሽ ታወጫለሽ፣ ከዚያ ሥሯ ላይ በአንድ ሲንግል ትቆልፊያታለሽ፣ ካልቆለፍሻት በሰንሰለቱ ላይ እየተንሸራተተች ትተረተራለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አበላሽቻቸዋለሁ፣ ጥምጥሙን አጥብቄ ስለያዝኩ ኪሮሹ አልወጣ እያለኝ። ላላ አድርጌ ኪሮሹን እያሽከረከርኩ ሳወጣው ሰባተኛዋ የሽምብራ ግማሽ የምታክል ድብልብል ብላ ወጣች።

መልስ 16

ነታንያ ያለች እህት፣ ቤተሰቧ ከጎንደር የሄዱ፣ እሷ ደግሞ ቋጠሮዋ የምታርፍበትን መሬት ሰጠችኝ። ቪ ስቲች የሚሉት ነው፣ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ደብል፣ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ደብል፣ ቪ ይመስላል፣ በሚቀጥለው ረድፍ የቪዋ መሃል ባለችው ክፍት ቦታ ሌላ ቪ ትሠሪያለሽ። ስቲቹን በመርፌ ስለማትወጊ እጅ ይፈጥናል፣ ዓይንም አይደክምም። ከሦስት ረድፍ ቪ በኋላ አንድ ረድፍ ቋጠሮ ባሰልፍ እብጠቱ እንደሚታይ፣ ግን ጫፎቹ ላይ ጠጋ ጠጋ እያደረግኩ መሃሉን፣ ማለት አንገት የሚነካውን፣ ቋጠሮ የሌለበት እንዳደርገው መከረችኝ። ልክ እንደ ነጠላው! ቁጥር 10ን አንብባ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ አላነበበችም ነበር፣ ከዚያ ገብታ አነበበችና ለጋሼ ሰላምታ ጻፈችላቸው።

ክሩንም በተመለከተ፣ እሷ የባሕር ሙቀት ስላለ ጥጥ ነው የምትወደው፣ ለአዲስ አበባ ማታ ግን ሱፍ የተቀላቀለበት እንደሚሻል ነገረችኝ፣ ጥጥ ራሱ ከባድ ነው፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየተለጠጠ ሻርፑን ያረዝመዋል፣ ሱፍ ግን በትንሽ ግራም ብዙ ይሞቃል።

መልስ 17

ሱፍ ቆዳ ይበላል የሚል ተቃውሞ ከሪያድ መጣ፣ አክሪሊክ ርካሽም ለስላሳም ነው ባይ ናት። ለዚህ ቁጥር 2 ተመልሳ መጥታ አንድ የደረሰባትን ነገረቻት፦ የአክሪሊክ ሻርፕ ሠርታ አበባው እንዲገለጥ ካውያ አሳረፈችበት፣ እብጠቱ ሁሉ በአንዴ ተኝቶ ክሩ እንደ ፕላስቲክ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር አይደለም። አክሪሊክ የግድ ከሆነ ካውያው ሳይነካው እንፋሎቱን ብቻ ከሩቅ። ሱፍ ያለበት ሲሆን ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ሃያ ደቂቃ መንከር፣ ሳይጨመቅ በፎጣ ጠቅልሎ መርገጥ፣ ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን በስፒል ወጥሮ እስኪደርቅ መተው። ከካውያ ይልቅ ውጥሩ ነው ቀዳዳዎቹን የሚከፍታቸው።

መልስ 18

ይቺ ቆንጠጥ አድርጋኛለች፣ ይገባኛልም። ናሙና ሳልሠራ፣ ሳልመዝን፣ እናቴን ምን እንደሚመቻት ሳልጠይቅ ሁለት ወር መሥራቴን ነው የወቀሰችው። ሌሎች እህቶች ለእኔ ተቆርቁረው ሊመልሱላት ጀምረው ነበር፣ እኔ ራሴ ነኝ ተዉአት ያልኳቸው። እናቶቻችን ስጦታ ከበደኝ አይሉም። እኛ ነን ቀድመን መመዘን ያለብን።

መልስ 19

ቋጠሮው የጆሮ ጌጥ ላይ ይያዛል ወይ የሚል ጥያቄ ነው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞከርኩት፣ የራሴን ሎቲ አድርጌ። ቋጠሮዋ አትይዝም፣ የሚይዘው ቋጠሮዋን ከግራና ከቀኝ የያዘው ሰንሰለት ሲረዝም ነው። አምስት ሰንሰለት የነበረውን ወደ ሦስት ሳወርደው ቀረ።

መልስ 20

የመጨረሻዋ ጠያቂ ቁጥሩን በሙሉ እንዳስቀምጥ ጠየቀች፣ ይሄው። ክሩ ሱፍና ናይለን ድብልቅ፣ 100 ግራሙ 400 ሜትር። ኪሮሹ 4 ሚሊ፣ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ግን በ5 ነው የሠራሁት፣ አለበለዚያ መነሻው ይጠብና ሻርፑ እግሩ ላይ ይሰበሰባል። በስፋት 15 ቪ። በየረድፉ ሲጀመር ሦስት ሰንሰለት፣ ሲያልቅ ደግሞ ባለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ አንድ ደብል፣ እሷን የረሳሽ እንደሆነ ዳሩ እየገባ እየገባ ሻርፑ ሾጣጣ ይሆናል። ናሙናው 10 በ10 ላይ 3 ግራም ነው የመዘነው፣ ያው የፈንዲሻው 8 ነበር። ታጥቦ ተወጥሮ ሲደርቅ 11 በ11 ተኩል ሆነ፣ ስለዚህ ርዝመቱን 150 ላይ አቆመዋለሁ፣ የቀረውን ውሃው ይጨምርልኛል።

አሁን ረድፍ 61 ላይ ነኝ፣ ከአንዱ ጥቅል ገና ከግማሽ በላይ ይቀረኛል። ትናንት በቪዲዮ ለእማዬ ካሜራው ፊት ዘርግቼ አሳየኋት፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ፊቴ ይታያት ነበር። ቋጠሮዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፣ የክሎንሷን ሴት ነገርኳት። ከዚያ ከባድ ነው ወይ አለችኝ፣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው እንዲህ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ተነስቼ ወጥ ቤት ሚዛኑን አምጥቼ እያየች መዘንኩላት።